ሁለት ነጥብና ባዶ ቦታ

ባለፈው ዓመት የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሕይወት ታሪክ ለእርማት ደረሰኝ። አባባ የጻፉት በእጃቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ አንድም ሳታስቀር ወደ ኮምፒውተር ገልብጣዋለች። አንድም ሳታስቀር ስል በየቃሉ መካከል ያኖሩትን ሁለት ነጥብ ጭምር ነው። መጽሐፉ እንዲወጣ የተፈለገው በዛሬው አጻጻፍ ስለነበር የመጀመሪያ ሥራዬ እነዚያን ነጥቦች ማንሳት ሆነ። ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፈትኩ፤ ከላይ «፡» ጻፍኩ፤ ከታች አንድ ስፔስ መታሁ፤ ሁሉንም ቀይር አልኩት። ወዲያው 61,308 ቦታ ተቀይሯል የሚል መልእክት መጣልኝ።

ረቂቁን ያዩ ዕለት ደወሉልኝ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ነጥቦቼን የት አደረግሻቸው?»

«ዛሬ እንዲህ ነው የሚጻፈው አባባ፤ ባዶ ቦታው ይበቃል ተብሎ ነው።»

«ማን ነው ይበቃል ያለው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጽፍ ሳርም፣ ድርብ ስፔስ ሳጠፋ፣ የተጣበቁ ቃላት ስለያይ ኖሬ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። «ልጠይቅና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። የሄድኩበት መንገድ እስከ አየርላንድ ወሰደኝ። እዚያ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባዶ ቦታውን የሰጠን የላቲን ፊደል ነው፤ በማተሚያ ቤቱ፣ በታይፕራይተሩ፣ በኋላም በኮምፒውተሩ በኩል መጣ። የላቲን ፊደል ራሱ ግን ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ አልነበረውም። ሮማውያን በድንጋይ ላይ ሲቀርጹ በቃል መካከል አንዲት ነጥብ ያኖሩ ነበር። ያቺን ነጥብ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተዉአትና ሁሉንም አጣብቀው መጻፍ ያዙ። እንዲህ ማለት ነው፦

እግዚአብሔርእረኛዬነውየሚያሳጣኝምየለም

ይህን ማንበብ ለእኛ አይከብድም። ዓይናችን ባይለየው ጆሯችን ይለየዋል፤ ድምፅ አውጥተን ስናነበው ቃሉ በራሱ ተቆርሶ ይወጣል። ሮማዊውም እንዲሁ ነበር። አሁን ይኸው መስመር በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው እንበል። አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚነግረን ጆሮ የለንም።

የአየርላንድ ሰዎች ዕጣ ይህ ነበር። ሮም አየርላንድን ገዝታ አታውቅም። ላቲን የደረሳቸው በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስትና ጋር፣ በመጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ነው። በገበያ የማይሰማ፣ እናት ለልጇ የማታወራው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ የሚማሩት በዓይን ነው፤ ለዓይን ደግሞ እርዳታ ያስፈልጋል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ጸሐፊዎቻቸው ቃልን ከቃል በባዶ ቦታ መለየት ጀመሩ፤ ሥርዓተ ነጥቡን አበዙ፤ የአንቀጽ መጀመሪያን በትልቅ ፊደል አስታወቁ። ብዙ ሰው የአየርላንድን ብራና የሚያውቀው በጌጡ ነው። እኔ ግን ጌጡ ራሱ የተወለደው ከዚህ ችግር ይመስለኛል። በማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው ምልክት ይፈልጋል። እነሱም በገጹ ላይ ምልክት ተከሉ፤ ከዚያ ምልክቱን ወደዱትና አለበሱት።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። እነዚያ ጸሐፊዎች ክፍተት ሲያደርጉ በእያንዳንዱ ቃል መካከል አልነበረም። አጫጭር መስተዋድዶችን ከሚቀጥለው ቃል ጋር አጣብቀው ይጽፉ ነበር፤ የራሳቸውን አይሪሽኛም ሲጽፉ እንዲሁ። በአንድ ትንፋሽ የሚባለው በአንድ ላይ ይጻፋል። «ለቤት»፣ «በመንገድ»፣ «ከእናቴ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን እንዲያስረዱት አያስፈልገውም።

ከመጽሐፎቻቸው በፊት ግን የሰም ሰሌዳቸውን ላንሳ። በ1914 በሰሜን አየርላንድ፣ በአንትሪም አውራጃ፣ ስፕሪንግማውንት በሚባል ረግረግ ውስጥ ስድስት ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ተገኙ። እንደ መጽሐፍ የታሰሩ፣ መሐላቸው ተቦርቡሮ ሰም የፈሰሰባቸው ናቸው። በሰሙ ላይ በሹል ብረት የተጫረው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ከ30 እስከ 32 ያለው። ዕድሜው ወደ 1,400 ዓመት ይጠጋል። የሚያጠኑት ሰዎች መጻፍ ለማስተማር ያገለገለ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ የአየርላንድ ተማሪ ማንበብ የሚለምደው በዳዊት ነበርና። ይህን ለአባባ በስልክ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። እሳቸውም ልጅ ሆነው ንባብ የለዩት በዳዊት ነው፤ አሁንም አንድ ቃል ሲጠፋቸው ዳዊት ውስጥ የት እንዳለ ነው መጀመሪያ የሚያስታውሱት።

ከዚህ ሰሌዳ ጋር ዕድሜው የሚቀራረብ አንድ ብራና አለ፤ ካሃኽ ይባላል፤ «ተዋጊው» እንደማለት ነው። ይህም ዳዊት ነው። 58 ቅጠል ተርፎታል፤ ደብሊን በሮያል አይሪሽ አካዳሚ ይገኛል። ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ቅዱስ ኮሉምባ የመምህሩን የፊኒያንን መጽሐፍ ተደብቆ ገለበጠ። ፊኒያን ግልባጩም የእኔ ነው አለ። ንጉሥ ዲርሚድ ፊት ቀረቡ፤ ንጉሡም «ጥጃ ለላሟ፣ ግልባጭ ለመጽሐፉ» ብሎ ፈረደ። ኮሉምባ አልተቀበለም፤ ወገኖቹ ተነሡ፤ በ561 ገደማ ጦርነት ሆነ። ኮሉምባ ከዚያ በ563 ባሕር ተሻግሮ ስኮትላንድ አጠገብ ባለችው በአዮና ደሴት ገዳም መሠረተ። መጽሐፉን በኋላ የያዙት ኦዶኔሎች የሚባሉት ባላባቶች ወደ ጦርነት ሲወጡ በሠራዊቱ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ያዞሩት ነበር፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ታቦት ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ የገጹ አጀማመር ያዘኝ። ፎቶውን በስልኬ አጉልቼ ያየሁት ሌሊት ነው። መዝሙሩ የሚጀምርበት ፊደል ትልቅ ነው፤ ሦስት አራት መስመር ይወስዳል። የሚቀጥለው ፊደል ግን ወዲያው ወደ ጽሑፉ መጠን አይወርድም። ትንሽ ያንሳል። የሚቀጥለው ከእሱ ትንሽ ያንሳል። ከዚያም የሚቀጥለው። እንዲህ በደረጃ ወርዶ ወርዶ ከተራው ፊደል ጋር ይቀላቀላል። ሰው ከደጃፍ ተቀብሎ፣ እጁን ይዞ፣ እስከ መቀመጫው እንደሚያደርስ አስተናጋጅ። ትልቁን ፊደል በቀይ ጥቃቅን ነጥቦች ከበውታል፤ ጅራቱ ጥምዝ ነው፤ አንዳንዱ ላይ መስቀል ወይም ዓሣ የሚመስል ነገር ይታያል። ሌላ ጌጥ የለውም። በኋላ የመጣው ታላቅ ጌጥ ሁሉ ዘሩ እዚህ አለ።

ባለፈው መጸው እህቴን ለመጠየቅ ደብሊን ስሄድ መጽሐፈ ኬልስን በዓይኔ አየሁት። ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ነው ያለው፤ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ መጽሐፉ መስታወት ውስጥ ተከፍቶ ተኝቷል። አንድ ጊዜ የሚታየው አንድ ግልጥ ብቻ ነው። ከኋላዬ ሰው ስለነበረ ብዙ መቆም አልቻልኩም፤ ተመልሼ ሁለተኛ ተሰለፍኩ።

መጽሐፈ ኬልስ አራቱ ወንጌላት ነው። በ800 ገደማ የተጻፈ ነው፤ 340 ቅጠል ተርፎታል። ብራናው የጥጃ ቆዳ ነው፤ ከ150 የማያንስ ጥጃ እንደፈጀ ይገመታል። ምናልባት አዮና ላይ ተጀምሮ ይሆናል። በ806 ቫይኪንጎች አዮናን ወርረው 68 ሰው ገደሉ፤ በዓመቱ የተረፉት መነኮሳት አየርላንድ ውስጥ ኬልስ ላይ አዲስ ገዳም ማነጽ ጀመሩ። በ1007 መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በሌሊት ተሰረቀ። የኡልስተር ዜና መዋዕል ከሁለት ወር ከሃያ ሌሊት በኋላ ወርቁ ተገፎ፣ ሣር ያለበት አፈር ለብሶ ተገኘ ይላል። ሌባው የፈለገው የሽፋኑን ወርቅ ነበር። ውስጡ ግን ወርቅ የለም። ያ የሚያበራው ቢጫ ኦርፒመንት የሚባል የአርሰኒክ ማዕድን ነው፤ ቀዩ ከእርሳስ፣ አረንጓዴው ከመዳብ ዝገት የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ወርቅ መሥራታቸው ለእኔ ከወርቅ በላይ ነው።

ፊደሉ ክብ ክብ፣ ሰፋ ያለ፣ ረጋ ያለ ነው። ከዝይ ወይም ከሌላ ትልቅ ወፍ ላባ በተቀረጸ ብርዕ ተጽፏል። ቀጥ ያሉት ጭረቶች አናት ላይ ሁሉ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ጸሐፊው እያንዳንዷን ጭረት ሲጀምር ብርዑን አዘንብሎ ያኖራት ናት። አንድ ገጽ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። አንዷም ችላ የተባለች አትመስልም። ሲቸኩሉ የሚጽፉት ሌላ ጽሕፈት ነበራቸው፤ ሾጠጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ። በ807 ፈርዶምናህ የሚባል ጸሐፊ በዚያ ጽሕፈት መጽሐፈ አርማን ጽፏል። የኬልሱ ግን የጊዜ ስስት የሌለበት ጽሕፈት ነው።

ከሁሉም ታዋቂው ገጽ ማቴዎስ 1 ቁጥር 18 የሚጀምርበት ነው። ሙሉ ገጹ ላይ ያሉት ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «የክርስቶስም ልደት» ለማለት። ክርስቶስ የሚለውን በግሪክ ምሕጻረ ቃል ጽፈውት፣ ኪ የምትባለው የመጀመሪያዋ ፊደል ገጹን ወርሳዋለች። ውስጧ ክብ በክብ ውስጥ፣ ጥምዝ በጥምዝ ውስጥ ነው፤ ዓይን ገብቶ መውጫ ያጣል። እኔ ያየሁት ግን ከታች ያለውን ነው። በኪ እግር ሥር፣ ብዙ ሰው ሳያየው በሚያልፍበት ቦታ፣ ሁለት ድመቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሁለት አይጦች አንዲት ክብ ነገር በአፋቸው ይዘዋል፤ መስቀል ያለባት ናት፤ የቁርባን ኅብስት ትመስላለች። ሌሎች ሁለት አይጦች ደግሞ ድመቶቹ ጀርባ ላይ ወጥተዋል። ድመቶቹ አልዘለሉም። ዝም ብለው ያያሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ጥቁር አቆስጣ ዓሣ ይዟል። ሊቃውንቱ ብዙ ትርጓሜ ሰጥተውታል፤ እኔ ግን ያ ሰው ድመትና አይጥ በደንብ እንደሚያውቅ፣ መጽሐፍ ቤታቸው ውስጥም ድመት እንደነበረ አልጠራጠርም። በጌታ ስም የመጀመሪያ ፊደል ሥር የቤቱን ጓዳ አስገባው። ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምክንያቱን ለእህቴ ማስረዳት አልቻልኩም።

አራሚ ነኝና ስሕተታቸውንም ፈለግሁ። አለ። ማቴዎስ 10 ቁጥር 34 ላይ ጌታ ሰላምን ሳይሆን ሰይፍን ላመጣ መጣሁ የሚልበት ቦታ አለ። በላቲን ሰይፍ «ግላዲየም» ነው፤ ደስታ «ጋውዲየም»። የኬልሱ ጸሐፊ «ጋውዲየም» ብሎ ጻፈ። ሰላምን ሳይሆን ደስታን። ደክሞት ይሆናል፤ እጁ የሚወደውን ቃል ጽፎ ይሆናል። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ገጽ ሙሉ ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። ሲደርሱበት አልፋቁትም፤ ቆርጠውም አልጣሉትም። ይህ ገጽ አይነበብ ለማለት ዙሪያውን ትንንሽ ቀይ መስቀሎች ደረደሩበት። መሳሳታቸውን የሚናገረው ምልክት ራሱ በጥንቃቄ የተሣለ ነው። እኔ በቀን መቶ ስሕተት አጠፋለሁ፤ የጠፋው ስሕተት የት እንደነበረ እኔም አላውቅም።

አንድ ሌላ ብልሃታቸውም አለ። መስመር አልቆ አንድ ቃል ሲተርፍ አዲስ መስመር አይጀምሩለትም፤ ከበላዩ ወይም ከበታቹ ባለው መስመር መጨረሻ ላይ የቀረ ባዶ ቦታ ካለ እዚያ ያስገቡታል። እዚያ መሆኑን የምታሳይ ትንሽ ምልክት ያደርጉለታል፤ አንዳንዴ ምልክቷ አውሬ ወይም ወፍ ናት። አየርላንዶች ለዚህ ሁለት ስም አላቸው፦ «የመንገድ እጥፋት» እና «ራስ በክንፍ ሥር»። ወፍ ስትተኛ ራሷን ክንፏ ሥር እንደምትከተው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸውን መመሳሰል ብዙ ሰው ያነሣል፤ የተጠላለፈውን ሐረግ አይተው አንዱ ከአንዱ ወሰደ የሚሉም አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። በእርግጥ የሚያገናኘን በመካከል ያለችው ግብፅ ናት። በ2006 አየርላንድ ውስጥ፣ ቲፐረሪ አውራጃ፣ ፋደን ሞር በሚባል ቦታ፣ ረግረግ የሚቆፍር ማሽን አንድ መጽሐፍ አወጣ። የ800 ገደማ ዳዊት ነው፤ 1,200 ዓመት ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ከተነበቡት የመጀመሪያ ቃላት አንዱ «በልቅሶ ሸለቆ» የሚለው ነበር፤ መዝሙር 83። ዜናውን የሰሙ ብዙ ፈረንጆች በራሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ 83ን አውጥተው ሌላ መዝሙር አገኙ፤ ቁጥሩ በእነሱ ዘንድ 84 ነውና። በአባባ ዳዊት ግን 83 ነው። ባለሙያዎቹ የቆዳ ሽፋኑን ሲከፍቱ ደግሞ ውስጡ በፓፒረስ ተደግፎ አገኙት። የግብፅ ሸምበቆ፣ በአየርላንድ ረግረግ ውስጥ። የወንጌላትን ተመሳሳይ ቦታዎች በሠንጠረዥ የሚያሳየው የአውሳብዮስ ቀኖናም እንዲሁ ነው፤ ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ወንጌል በዓምድና በቅስት ተከብቦ አለ፤ በኬልስም በዓምድና በቅስት ተከብቦ አለ። ምንጩ አንድ፣ መስኖው ብዙ ነው።

ወደ ባዶ ቦታው ልመለስ። የአየርላንድ መነኮሳት ወደ አውሮፓ ዘልቀው ገዳም መሠረቱ፤ ኮሉምባኑስ (ከኮሉምባ ሌላ ሰው ነው) በ614 ጣሊያን ውስጥ ቦቢዮን አቋቋመ፤ የጓደኛው የጋል ስም ዛሬም በስዊዘርላንድ ከተማ ላይ አለ። አጻጻፋቸውም አብሮ ሄደ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቃልን ከቃል በባዶ ቦታ መለየት የተለመደ ነበር። ማተሚያ ሲመጣ ባዶ ቦታው እንኳ እርሳስ ሆነ፤ ከፊደሉ ዝቅ ያለ፣ ቀለም የማይነካው ቁራጭ ብረት። በ1513 ሮም ላይ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ሲታተም፣ እሱም ዳዊት ነበር፣ ሁለት ነጥቡን አልነኩትም። የእኛ ሰዎች ገና በአክሱም ዘመን፣ መጀመሪያ በድንጋይ ላይ ቀጥ ባለ ጭረት፣ በኋላ በብራና በሁለት ነጥብ፣ ቃልን ከቃል ሲለዩ ኖረዋል። ነጥቡ ከጋዜጣውና ከመጽሐፉ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቀስ በቀስ ነው። በምትኩ የገባው ያ አየርላንዶች ላቲን ለመማር ሲሉ ያበጁት ክፍተት ነው። ባዶ አልነበረም ለካ። ባለቤት አለው።

ይህን ሁሉ ለአባባ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። የቀይ መስቀሎቹን ገጽ በታብሌት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልፋቀውም?»

«አልፋቁትም አባባ።»

«ጎሽ» አሉ። ቀጥሎ የጠየቁት የመስመር መጨረሻን ነው፤ ቃሉ ካልበቃ ምን ያደርጋሉ አሉኝ። ራስ በክንፍ ሥርን ነገርኳቸው። ደጋግመው አስባሉኝ።

መጽሐፉ በዛሬው አጻጻፍ እንዲወጣ ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን በእጃቸው ጽሕፈት፣ በፎቶ እንዲገባ ጠየቅሁላቸውና ተፈቀደ። ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ላኩልኝ። ነጥቦቹ ሁሉ አሉ፤ አንዳንዱ ጋ ብርዑ ወረቀቱን ጫን ብሎት ከጀርባ በጣት ይዳሰሳል። ሰባተኛው መስመር ላይ «እናቴ» የምትለው ቃል አልበቃ ብላቸዋለች። ከበላይዋ ባለው መስመር መጨረሻ፣ በባዶው ቦታ ጽፈዋታል፤ ከጎኗም ትንሽ ክንፍ ስለውላታል።